አርባ ሁለተኛው ክፍል

ሆስፒታሉ ውስጥ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከቀዶ ሐኪሞቹ እስከ በር ጠባቂው ድረስ፣ «እትዬ አንድ ጎደለ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሰው ክፋት አስቦ አልነበረም፤ እሷም አልተቀየመችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ነርስ ሆና ስትሠራ እንደዚያ ቃል ደጋግሞ ከአፏ የወጣ የለም።

ሥራዋ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ሐኪሙ እጁን ይዘረጋል፣ እሷ ታቀብላለች፣ አለቀ። ዋናው ሥራ ግን ቆጠራው ነው። የሰው ሆድ ከመከፈቱ በፊት ትሪው ላይ ያለው መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ መርፌና ደም መጥረጊያው ጎዝ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ይቆጠራል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ሆዱ አይዘጋም። የጎደለው ነገር እግር ስለሌለው ወይ ወለሉ ላይ ነው፣ ወይ በሽተኛው ሆድ ውስጥ ነው።

አንድ ጊዜ ዋናው ቀዶ ሐኪም፣ በቁመቱም በቁጣውም የታወቀ ሰው፣ ስፌት ሊጀምር ሲል «አንድ ጎዝ ጎደለ» አለችው።

«በደንብ ቆጥረሻል?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሦስተኛ ቁጠሪ!»

«ቆጠርኩ ዶክተር። ጎደለ።»

ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆሙ። ሐኪሙ ሰዓቱን ረገመ፣ ጎዝ የፈለሰፈውን ሰው ረገመ፣ ሕክምና እንዲማር የመከሩትን አባቱን ሳይቀር በስም ጠርቶ ወቀሰ። በመጨረሻ ጎዟ የሰመመን ሰጪው ጫማ ሶል ላይ ተለጥፋ ተገኘች። ሰመመን ሰጪው እትዬ መዝገቡ ላይ «የት ተገኘ» በሚለው መስመር ጫማውን እንዳትጽፍበት ለመናት። ጻፈችው። ዋናው ሐኪም ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ያንን ቃል ከተናገረች ይቆማል፤ አይከራከርም። በማዕረግ ከእሱ ስንት ደረጃ ዝቅ ብላ የምትሠራ ሴት በሁለት ቃል ታስቆመዋለች። እትዬ በዚህ ዓለም ላይ ያላት ሥልጣን ይኸው ብቻ ነው፤ ደግሞም ትወደዋለች።

ችግሩ ቆጠራው ሆስፒታሉ በር ላይ አለመቅረቱ ነው። ቤቷ ማንኪያ ይቆጠራል፣ ካልሲ ይቆጠራል፣ የልብስ መቆንጠጫ ይቆጠራል። እንግዳ እንኳ ስትሸኝ የገባውንና የወጣውን በልቧ ታስተያያለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ተረስቶ ሲቀር አይቻለሁ፤ በእኔ ቤት ግን አንዲት ካልሲ መጥፋት አትችልም» እያለ ለጎረቤት ያማርራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እሷ ተመንጥራ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። የቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራተኛ የሆነ ሁሉ፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ ጽዳት ሳይባል፣ የደህንነት ኮርስ በኦንላይን ተምሮ ሰርተፊኬት እንዲያቀርብ ያዛል። ኮርሱ የሚዘጋው ከአራት ሳምንት በኋላ አርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያላጠናቀቀ ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ካርድ ክፍል ይዛወራል።

እትዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ካርድ ክፍልን ንቃ አይደለም፤ እዚያም የሰው ልጅ ይሠራል። ግን እዚያ ሆና «አንድ ጎደለ» ብትል ማን ይቆምላታል? «ነገ ይገኛል» ብለው የሚቀጥለውን ተራ ይጠራሉ። የኮምፒውተር ዕውቀቷ ደግሞ ስልኳ ላይ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ከፍቶ ከማየት አያልፍም።

ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻ ልጇ ላፕቶፕ ይዛላት መጣች። ይህች ልጅ ሕንፃ የሚነድፍ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ጎበዝ ናት፣ ብቻ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እማ፣ እዚህ ጋ ስምሽን ጻፊ። እዚህ ጋ ደግሞ የይለፍ ቃል። ፊደልም ቁጥርም ይኑርበት።»

«ስንት ቁጥር?»

«የፈለግሽውን ያህል።»

«የፈለግሽውን ያህል የሚባል ልክ አለ?»

ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ኮርሱ ተከፈተና ሳጥኖች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዱ እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ ሌላው ይስማማሉ ወይ ይላል። ልጅቷ አንዱንም ሳታነብ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች ዘጋቻቸው።

«ምን ነበር የሚለው?»

«ምንም አይደለም እማ። ማንም አያነበውም።»

«ማንም ካላነበበው ለምን ደከሙበት?»

ልጅቷ ግን ቀጠሮ ነበራትና እናቷን ጉንጯ ላይ ስማ ወጣች።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት ከመማር ይልቅ ሰው በማያውቀው ሰፈር ጠፍቶ እንደሚዞረው ዓይነት ነበር። ቪዲዮውን አይታ ወደ ኋላ እመለሳለሁ ስትል ጭራሽ ከኮርሱ ትወጣለች። የይለፍ ቃሏን አስገብታ ስትመለስ የተወችውን ገጽ አታገኘውም። ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት አጫጭር መስመሮች ለጌጥ የተሰመሩ መስሏት ስምንት ቀን ሙሉ አልነካቻቸውም፤ ዝርዝሩ ሁሉ ከእነሱ ሥር ኖሯል። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ በመልእክት ሳጥን ላከች። ለአስተማሪው የጻፈችውን መልእክት ደግሞ ስም ማረሚያው ላይ ጻፈችውና፣ ለሦስት ቀን ያህል በኮርሱ ውስጥ የነበራት ስም «ጤና ይስጥልኝ የሁለተኛው ቪዲዮ ድምፅ አይሰማም» ሆኖ ሰነበተ። አንድ የዋህ ተማሪም «እንኳን ደህና መጡ፣ ጤና ይስጥልኝ የሁለተኛው ቪዲዮ ድምፅ አይሰማም» ብሎ በክብር ተቀበላት።

ባሏ አጠገቧ ወንበር ስቦ ሊረዳት ይሞክራል።

«ወደ ግራ ታጠፊ። አሁን ቀጥ በይ። ኧረ አለፍሽው! ፌርማታው እዚያ ጋ ነበር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መንገድ አይደለም!»

«መንገድማ ነው። ምልክት አላቆሙበትም እንጂ።»

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ እንደዚህ አይሆንም አለችና በራሷ ሙያ ገባችበት። አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ለጠፈች። የኮርሱን ክፍሎች ልክ እንደ ትሪ መሣሪያ በየስማቸው ጻፈች፤ የተማረችውን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የተፈተነችበትን በቀይ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ መጥፋት ቀረ። እንዲያውም ትምህርቱ ጣማት። መሣሪያ አቀባበል የሚያሳየው ቪዲዮ ላይ ያለችው ልጅ መቀሱን በጫፉ በኩል ስታቀብል አይታ «እንደሱ አይያዝም! ሰውዬውን ልትወጊው ነው!» ብላ ስትጮህ ባሏ ከጓሮ ሮጦ መጣ።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሁሉም አለቀ። የመጨረሻውን ፈተና ከመቶ ሰማንያ ስምንት አመጣች፤ ማለፊያው ሰማንያ ነው። አሁን የቀረው «ኮርሱን አጠናቅ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱ ከተነካ ሰርተፊኬቱ ይመጣል፣ ኮርሱ ይዘጋል፣ ተመልሶ መግባት የለም። እትዬ መነጽሯን አስተካከለች፤ ከመዝጋቷ በፊት እንደ ልማዷ ወረቀቷ ላይ ያለውን ቆጠረች።

አርባ አንድ።

የኮርሱ ግንባር ላይ «42 ክፍሎች» ይላል። እንደገና ቆጠረች። አርባ አንድ። ባሏን አስቆጠረችው፤ እሱ አርባ ብሎ ተቆጣችውና ሲደግመው አርባ አንድ አለ። ወዲያው ለልጇ ደወለች።

«እማ፣ አልፈሻል እኮ! አረንጓዴውን ተጫኚና ተገላገይ።»

«አንድ ጎደለ።»

«ይጉደላ!»

«አንቺን በቀዶ ሕክምና ነው የወለድኩሽ» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «ያን ቀን ቆጣሪዋ ‹ይጉደላ› ብላ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ዛሬ ሆዴ ውስጥ መቀስ ይዤ ነበር የማናግርሽ።»

ስልኩን ዘጋችው።

ለኮርሱ ጽሕፈት ቤት ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ መልእክትዎ ደርሶናል፣ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን ይላል። የቀሯት ሦስት ናቸው። ያለውን ገጽ ሁሉ በረበረች፤ የነካችውን ደግማ ነካች። ባሏ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብሎ ወደ ጓሮው ሄደ። ረቡዕ ጠዋት፣ ሌላ መላ ስታጣ፣ ተማሪዎቹ በሙሉ የሚያዩት የውይይት ገጽ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ከኮርሱ ክፍሎች አንድ ጎደለ። የተከፈተው አርባ ሁለት ተብሎ ነው፤ የተገኘው አርባ አንድ ነው። እስኪገኝ ድረስ እንዳይዘጋ።»

ይህንን ሌላ ሙያ ያለው ሰው ቢያነበው ስቆ ያልፈው ነበር። ያነበቡት ግን ከአምስት ሆስፒታሎች የተሰባሰቡ፣ ዕድሜያቸውን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የፈጁ መቶ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ናቸው። እነሱ ጋ ይህ ቃል ሲነገር የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መቆም ነው። አረንጓዴው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው የነበሩት ሁሉ ጣታቸውን ሰበሰቡ። ከዚያም ቆጠራ ተጀመረ። አንዱ አርባ ሁለት አለኝ ይላል። ሌላው ርዕሱንም ቆጥሮት አርባ ሦስት አለ። አንዷ ብቻዬን አላምንም ብላ ሁለተኛ ሰው አስቆጥራ ስማቸውን ከነሰዓቱ አሰፈረች። «ወለሉን አይታችኋል?» ብሎ የጻፈም አልጠፋም፤ ልማድ ነው፣ አይፈረድበትም። ቁጥሩ ሦስት ዓይነት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ የሚዘጋ ሰው ጠፋ።

የተቆጣችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እነ እትዬ ሆስፒታል ውስጥ ከተመደበች ሁለት ወር ያልሞላት ወጣት ቀዶ ሐኪም። «እኔ አርባ ሁለት አለኝ። ይሄ የኦንላይን ኮርስ ነው እንጂ የሰው ሆድ አይደለም። ሥራ አለብን እኮ» ብላ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ ከሥሯ ዋናው ሐኪም አራት ቃል አስቀመጠ፦ «እሷ ጎደለ ካለች አልዘጋም።»

ሐሙስ ከጽሕፈት ቤቱ ማሳሰቢያ ወጣ። ካሉት መቶ ሠላሳ ሰባት ተማሪዎች ያጠናቀቁት ዘጠኝ ብቻ ናቸው፣ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዘጋለን ይላል። እትዬ ይህንን ስታነብ በመጀመሪያ ደስ አላት፤ ደስ አላት ማለት ነውር ከሆነ ነውር ይሁን። ከእሷ ሌላ መቶ ሃያ ሰባት ሰው በአንድ ቃሏ ቆሟል። ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ አላት። ነገ ሳይገኝ ቢቀርስ?

«መቶ ሃያ ስምንት ሰው ካርድ ክፍል ከገባ» አለ ባሏ ጣቱን እያጠፈ፣ «በሽተኛው የት ሊቆም ነው?»

አርብ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ወስዳ ቤቷ ገባች። ልጅቷም ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጣች፤ የመጣችው ለመርዳት ሳይሆን እናቷን ለመለመን ነበር። እትዬ ግን ወንበር ሳበችላትና ላፕቶፑን ፊቷ አደረገችው።

«እኛ ጋ ዕቃ ሲጠፋ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁ የነካውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገራል። እስቲ ተናገሪ።»

«እማ፣ እኔ ምን ነካሁ? ከፍቼልሽ ነው የሄድኩት።»

«እሱኑ ተናገሪ።»

ልጅቷ ተነፈሰች። «ስምሽን ጻፍሽ። የይለፍ ቃል አስገባሽ። ሳጥኖቹን ዘጋሁ። ወጣሁ።»

«ስንት ሳጥን?»

«እኔ እንጃ። ሦስት። አራት።»

«ሦስት ነው አራት?»

«አራት። የመጀመሪያው የስምምነት ነው። ሁለተኛው ቋንቋ ምረጡ የሚል። ሦስተኛው ፎቶ አስገቡ የሚል። አራተኛው እንኳን ደህና መጡ የሚለው ነው፤ ትልቅ ነበር፣ ገጹን ሸፍኖት። ከሥሩ ‹ይህን ዳግም አታሳይ› የሚል ትንሽ ምልክት ነበረው፣ እሱን…»

እዚህ ላይ ልጅቷ ክው አለች። ጣቷ ወደ ሦስቱ መስመሮች ሄደ፣ ከዚያ ወደ ማስተካከያ፣ ከዚያም እትዬ ሙያዬ አይደለም ብላ ያልደፈረችው ጥግ ውስጥ ገባ። «የተደበቁ ክፍሎች፦ 1» ይላል። ነካችው። ዝርዝሩ አንድ መስመር ወደ ታች ወረደና ከሁሉ በላይ፣ ከመጀመሪያው በፊት፣ አዲስ መስመር ተቀመጠ።

«በኮርሱ ውስጥ መንገድዎን እንዴት ያገኛሉ?»

እትዬ ከፍታ አነበበች። ሦስቱ መስመሮች ምን እንደሆኑ ተጽፏል። ከኮርሱ ሳይወጡ ወደ ኋላ እንዴት እንደሚመለሱ ተጽፏል። የቤት ሥራ በየት እንደሚላክ ከነሥዕሉ አለ። ወረድ ብሎ፣ ደመቅ ባለ ፊደል፣ «ይህ ቦታ ለስምዎ ብቻ ነው፤ እባክዎ መልእክት አይጻፉበት» ይላል። ከእሷ በፊትም አንድ ሰው ሳይጽፍበት አልቀረም።

ባሏ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አነበበና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ዓይኑን እየጠረገ ልጁን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አላት። ልጅቷም መጀመሪያ ሳቀች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን አቆመች።

እትዬ አልሳቀችም። ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው፣ በሰማያዊ ምልክት አደረገችበት። አርባ ሁለት። ሰዓቱ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል።

«እማ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «‹ተገኝቷል፣ መዝጋት ይቻላል› ብለሽ ጻፊ። የት እንደተገኘ ማን ይጠይቅሻል? ኮርሱ ተበላሽቶ የተስተካከለ ይመስላቸዋል።»

እትዬ ባሏን አየችው። እሱም አገጩን አሻሸና «እውነቷን ነው፤ ማንም አይጎዳም» አለ።

ማንም አይጎዳም። እትዬ ይህንን አስባው ነበር፤ እንዲያውም ከልጇ ቀድማ አስባዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት «ጎደለ» ብላ ተሳስታ አታውቅም። ዛሬ መቶ ሃያ ሰባት ሰው ሦስት ቀን ያስቆመችው ገዛ ጠረጴዛዋ ላይ ለነበረ ነገር መሆኑን ከተናገረች፣ ከሰኞ ጀምሮ ቃሏ ቀልድ ይሆናል። «ቤትሽ ፈልጊው» ይሏታል። አንድ ቀን ደግሞ እሷ እውነቷን እየተናገረች አንድ ሐኪም ስቆ ይዘጋል። ይህ ፍርሃት ከካርድ ክፍሉ በለጠባት። ካርድ ክፍል ብትገባ ቃሏ ሥራ ይፈታል እንጂ አይዋረድም።

እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ቆየች። ሆኖም የዚያ የሰመመን ሰጪ ልመና ትዝ አላት። የሰውን ጫማ መዝገብ ላይ ጽፋ የራሷን ጠረጴዛ ልትደብቅ ነው? አንድ በአንድ፣ በአንድ ጣት፣ ጻፈች፦

«ተገኘ። የተገኘው እኔ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳናነብ ደብቀነው ኖሯል። የእናንተ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር። ሦስት ቀን አስቆምኳችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቁጥሩ አርባ ሁለት፣ ልክ ነው። መዝጋት ይቻላል።»

ልጅቷ አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች። «እማዬ፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ እኮ። ለምን አልጻፍሽኝም?»

«ትሪው የእኔ ነበር» አለች እትዬ።

ልጅቷ አንገቷ ሥር ገብታ አቀፈቻት። አልቅሳለች፤ በኋላ ግን የሽንኩርት ሽታ ነው ብላ ክዳለች፣ ሽንኩርት በቤቱ አልነበረም።

መልሱ ጎረፈ። የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። ሰመመን ሰጪው «እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮስ ከእኔ ጫማ ወረደ» አለ። ዋናው ሐኪም «ተቀብያለሁ። እየዘጋሁ ነው» አለ። ወጣቷ ሐኪም ምንም አልጻፈችም፤ እትዬን ከሳቁ ሁሉ ይበልጥ የከነከናት እሱ ነበር። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ አረንጓዴውን ተጫነችው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጭኖት ነበርና ገጹ ዞሮ ዞሮ አልከፈት አለ።

«ትራፊክ ነው» አለ ባሏ በሙያው። «መቶ ምናምን መኪና በአንድ መብራት ሊያልፍ! ታገሺ።»

አሥራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሰርተፊኬቱ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በሙሉ ሰምቷል። በር ጠባቂው «እትዬ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ጠፍቶብኛል፤ እስቲ ማታ ቤትዎን ይዩልኝ» አላት። መተላለፊያው ላይ አንዱ ብዕሩን፣ ሌላዋ የፀጉር መያዣዋን እንድትፈልግላት ጠየቀቻት። አብራ ሳቀች፤ ጥፋቱን በገዛ አፉ ለተናገረ ሰው ቀልድ መቀበል ግድ ነው። ውስጧ ግን አልሳቀም። ዋናው ሐኪም ያን ቀን ለስብሰባ ሄዶ ስለነበር ሆድ የምትከፍተው ወጣቷ ሐኪም ነበረች። ከጠዋት ሰላምታ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

ሥራው ረጅም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ወደ ማለቂያው እትዬ ቆጠራዋን ጀመረች። መቀሶቹ ልክ ናቸው። መቆንጠጫዎቹ ልክ ናቸው። ጎዙ ልክ ነው። የተከፈተው መርፌ አሥራ አንድ ነው፤ ፊቷ ያለው አሥር። ደግማ ቆጠረች። አሥር።

ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ሐሳብ ሲወጣ የኖረው ቃል ዛሬ አልወጣ አላት። ተሳስቼ ይሆን አለች በልቧ፤ ይህንንም አስባ አታውቅም ነበር። ሐኪሟ ለመዝጊያው ስፌት እጇን ዘርግታለች።

«አንድ መርፌ ጎደለ» አለች እትዬ።

ከዚያ ከበሩ በኩል አንድ ሰው ማስኩ ውስጥ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሐኪሟ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እትዬ፣ ቤትዎ አይሆንም አይደል?»

ሌላው ሁሉ ሳቀ። የእትዬ ጆሮ ጋለ፤ ቢሆንም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «የዛሬውስ እዚሁ ነው ዶክተር» አለች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «አርብ ዕለት የት እንደተገኘ ማንም አልጠየቀዎትም ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጻፉትን ሦስቴ ነው ያነበብኩት። እኔ ብሆን አልናገረውም።»

ከዚያ የዘረጋችውን እጅ መለሰችና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«አልዘጋም። ማንም ሰው እግሩን እንዳያነሳ። እትዬ፣ ከየት እንጀምር?»

«ከወለሉ» አለች እትዬ።

ጓንት ያላጠለቁት ሦስቱ፣ መጀመሪያ የሳቀውም ጭምር፣ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።